ለሰባ አምስት ዓመት የታሸገ ስም

ወይዘሮ ብርቱካን ወደ ክፍላችን የመጡት ሰኞ ዕለት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ጠጉራቸውን ተላጭተዋል፤ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል። የላስቲክ ጫማቸው ላይ የሌላ አገር ጭቃ ደርቋል። በሩ ላይ ቆመው መደርደሪያዎቹን አንድ በአንድ ቃኙና፣

"የሙት ወረቀት የሚቀመጠው እዚህ ነው?" አሉ።

ሠናይት ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወንበር አቀረበችላቸው። እኔ ግን ጥያቄያቸው ትክክል ነው ብዬ አሰብኩ። ክፍሉ የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ጥግ ላይ ያለ ነው። በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ኖረው ያለፉ ሰዎች የግል ወረቀት ይሰበሰብበታል። የጡረተኛ መምህር ደብዳቤዎች አሉ፤ አንድ የግብርና ባለሙያ ስለ ጉና ገብስ ሠላሳ ዓመት የያዘው ማስታወሻ አለ፤ የድሬሰር መዝገብ፣ የቅኔ መምህር ደብተር። ሥራውን የጀመርኩት እኔ ነኝ። ስዊድን አገር ስምንት ዓመት ይህንኑ ስማር ቆይቼ ተመለስኩ። መመለሴ ደግ ይሁን ስሕተት እስከ ዛሬ አልቆረጠልኝም። አንዳንድ ቀን ካርቶን ሳሽግ እውላለሁ፤ አንዳንድ ቀን ሻንጣዬን የት እንዳስቀመጥኩት አስባለሁ። ሠናይት የከተማው ልጅ ናት። መዝገብ ትይዛለች፤ እንግዳ ትቀበላለች፤ የማላውቀውን ሁሉ ትነግረኛለች።

"እማማ፣ ምን ልርዳዎት?" አልኳቸው።

"የቄስ ሙላቴ ደብተር እዚህ ነው አሉኝ። ልጃቸው ካሳው ነው የነገረኝ፣ ለቅሶ ሊደርሰኝ መጥቶ።"

ቄስ ሙላቴ ከትንሿ ከተማ ከገሳይ በላይ፣ በጉና ሥር ላሉ መንደሮች አርባ ዓመት ያህል የንስሐ አባት የነበሩ ሰው ናቸው። ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ካሳው ወረቀታቸውን በማዳበሪያ ከረጢት ሞልቶ አምጥቶ ያስረከበን እኛ ስለጠየቅነው ነው። ከሁሉ የደነቀኝ አንድ ወፍራም ደብተር ነበር። የንስሐ ልጆቻቸው ስም፣ የዓለሙም የክርስትናውም፣ ቤት በቤት ተጽፎበታል። ከየስሙ ጎን ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ የተሰመሩ ትናንሽ ጭረቶች አሉ። አንዱ ጋ ሦስት፣ ሌላው ጋ ዐሥር፣ አንዳንዱ ጋ ከዚያም ብዙ።

ጭረቶቹን ሳይ ደነገጥኩ። ልጅ ሆኜ ገሳይ ላይ፣ እናቴ ንስሐ ገብታ ስትመለስ የታዘዘችውን ስግደት በጣቷ ስትቆጥር አይቻለሁ። ይህ ቀኖና ነው አልኩ። የአንድ አገር ሰው ኃጢአት፣ ስም ከነቁጥሩ፣ በእጄ ላይ እንዳለ ተሰማኝ። ደብተሩን ሣጥን ዐሥራ አራት ውስጥ ከትቼ ለሰባ አምስት ዓመት ዘጋሁት። ደንቡን ያረቀቅሁት ራሴ ነኝ። ሰባ አምስት የሚለውን ቁጥር ከተማርኩበት አገር እንዳለ አምጥቼ ነው የጻፍኩት። ለምን ሰባ አራት እንዳልሆነ ማንም አልጠየቀኝም።

"ከደብተሩ ምን ፈልገው ነው?"

"የልጄን የክርስትና ስም። ተስፋነህ ይባላል። ግንበኛ ነበር። በጉበት ሞተ። የፊታችን ቅዳሜ ሳይሆን ቀጥሎ ያለው ቅዳሜ አርባው ነው።"

"እርስዎ አያውቁትም?"

ከአፌ ካመለጠኝ በኋላ ነው የጠየቅሁትን የሰማሁት። ወይዘሮ ብርቱካን ወደ በሩ ዘወር አሉ። ሠናይት ተነሥታ በሩን ዘጋችው።

ታሪኩን ቀስ ብለው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ነገሩን። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ባላቸው ጌጡ እብናት መጠለያ ድረስ እህል በበቅሎ ያመላልሱ ነበር። አንድ ቀን እህሉን አራግፈው ሲመለሱ ያለ ወላጅ የቀረ ሕፃን ኮርቻቸው ላይ ይዘው መጡ። ብርቱካን ያን ጊዜ አራስ ነበሩ። የወለዱት ልጅ በዘጠነኛው ቀን ሞቶባቸው ጡታቸው አግቶ ተኝተዋል። ሕፃኑን ተቀብለው አጠቡት። ተስፋነህ አሉት። ክርስትና ተነሥቶ እንደሆነ የሚያውቅ ስላልነበረ ቄስ ሙላቴ አጠመቁት። አራስ ቤተ ክርስቲያን አትገባምና ልጁን ታቅፈው የሄዱት አማታቸው ናቸው።

"ሲመለሱ 'ማን ተባለ?' ብዬ ጠየቅኋቸው" አሉ። "'የወለደችው ትወቀው' አሉኝና ልጁን ጭኔ ላይ ጣሉት። ከዚያ ወዲያ ማንንም አልጠየቅሁም። ቄሱንም አልጠየቅሁ። እናት የልጇን ስም ከሰው ትጠይቃለች?"

"ተስፋነህስ ራሱ?" አለች ሠናይት።

"ልጅ ሳለ ጠይቆኝ ነበር። ረሳሁት ብዬ ሳቅሁ። ከዚያ እሱም ተወኝ።"

ነጠላቸውን አስተካክለው ቀጠሉ።

"ቀብሩ ዕለት አዲሱ ቄስ 'የክርስትና ስሙ?' ሲል የባሌ እኅቶች ሁሉ አፍ አፌን አዩኝ። እኔ አለቀስኩ። ለቅሶ ደግ ነው፣ ከመልስ ያድናል። በዓለም ስሙ ፈቱት። አርባው ላይ ግን ለቅሶ አይበቃም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ዳስ ተጥሎ፣ ቄሱ ይጠይቀኛል። 'አንቺ እናቱ አይደለሽም' ለማለት አርባ ዓመት ሙሉ ያደፈጡ ሰዎች አሉ። ጌጡ በሕይወት ቢኖር አይደፍሩም ነበር።"

አሁን ስጽፈው፣ መልሱ አጭር እንደነበረ አያለሁ። ተነሥቼ ሣጥኑን መክፈት ነበር። እኔ ግን ስለ ደንቡ ማስረዳት ጀመርኩ። ደብተሩ ዝግ መሆኑን፣ የብዙ ሰው ምስጢር እንዳለበት፣ ዝግ ሰነድ የሚከፈተው ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ሲፈቅድ ብቻ መሆኑን ተናገርኩ። የምናገረው ለእሳቸው አልነበረም። ባለፈው ዓመት አንድ አንባቢ ከአንድ ሟች መምህር ደብዳቤ አንዱን በስልኩ አንሥቶ ቴሌግራም ላይ ለቆት ነበር። የመምህሩ ሚስት መጥተው እዚሁ ክፍል መሀል ቆሙና "አደራ ብዬሽ ነበር" ብለውኝ ወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለማንም አዝኜ ሣጥን እንዳልከፍት ምዬ ነበር። ወይዘሮ ብርቱካን ፊት ተቀምጬ የምሟገተው ከእኚያ ሴት ጋር ነው።

እስክጨርስ አዳመጡኝ።

"ደብተሩ እዚህ ክፍል ውስጥ ነው?"

"አዎ።"

"ከዚህ ስንት እርምጃ ይሆናል?"

ሠናይት "አምስት" አለች፣ ወደኔ ሳታይ።

"እኔ ከጉና ነው የመጣሁ" አሉ ወይዘሮ ብርቱካን። "ለወረቀት እንዲህ ዘበኛ እንደሚቆምለት አላውቅም ነበር። ለሰው ቢቆም ኖሮ ስንቱ በዳነ።"

የጥያቄ ቅጽ ሞላንላቸው። መጻፍ ስለማይችሉ በአውራ ጣታቸው ፈረሙ። ስልክ የላቸውም፤ የጎረቤታቸውን የትእዛዝን ቁጥር በቃላቸው ነገሩን። ኮሚቴው በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ እንደሚሰበሰብ፣ አርባው ቅዳሜ ስለሆነ በደንብ እንደሚደርስ ነገርኳቸው።

"ሐሙስ አልሽኝ?"

"ሐሙስ።"

"እንግዲህ ቃልሽ ነው፣ የወረቀት ዘበኛ።" ፈገግ አሉ። ያን ፈገግታ ባያሳዩኝ ይሻለኝ ነበር።

ሲወጡ ሠናይት ቅጹን መዝገብ ውስጥ እየሰካች፣ "ስዊድኖች ሰው ሲሞትባቸው አርባ አያወጡም?" አለችኝ።

"አያወጡም።"

"ለዚህ ነዋ።"

ምሳ ልትበላ ስትሄድ ሣጥን ዐሥራ አራትን ከፈትኩ። የክፍሉ ኃላፊ ነኝ፤ ለእኔ ዝግ አይደለም። ለማግኘት ዐሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። በሌሎቹ ስሞች ሁሉ ሥር የአባት ስም አለ። በተስፋነህ ሥር የተጻፈው ግን "የወለተ ኪዳን ልጅ" የሚል ነው፤ ከአጠገቡ በቅንፍ "ብርቱካን"። ስለ እብናት አንድ ቃል የለም። ስለ ጌጡ በቅሎም፣ ስለ አማቲቱም የለም። በጥሩ የቁም ጽሕፈት፣ ቀለሙ ሳይፈስስ፣ የእናቱ ስም ብቻ። ከላይ ደግሞ የክርስትና ስሙ።

ከጎኑ ያሉት ጭረቶች ሁለት መስመር ሞልተው ወደ ሦስተኛው ይወርዳሉ። ቆጠርኳቸው። ዘጠና አራት ናቸው። በደብተሩ ሁሉ ያን ያህል ጭረት ያለው ሰው የለም። ይህ ሰው ምን አድርጎ ነው? ብዬ አሰብኩ። እናቱ ገጹን ልየው ቢሉስ? ሰው ቢያነብላቸውስ? ስሙን ብቻ ለይቼ ልነግራቸው እንደምችል አውቄ ነበር፤ ያን ቀን አውቄዋለሁ። ግን ደንብ አንድ ጊዜ ከተጣሰ ለሚቀጥለው ጠያቂ ምን እላለሁ አልኩና ሣጥኑን መልሼ ዘጋሁ። ሠናይት ስትመለስ ወንበሬ ላይ ተቀምጫለሁ። ስሙን ማወቄን አልነገርኳትም።

ሐሙስ ደረሰ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ለስልጠና ባሕር ዳር ሄዶ መንገድ ተዘግቶበት ቀረ። ስብሰባው ለሰኞ ተላለፈ።

አርብ ጠዋት ሠናይት ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት እጇን አሳርፋ ቆመች።

"ነገ እኮ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ደውዪና ንገሪያቸው። ሰኞ ቃለ ጉባኤው ላይ ቀኑን ወደ ኋላ እናደርገዋለን። ማን ያያል?"

"እንደሱ አይሠራም፣ ሠናይት።"

"እኔ ልደውል?"

"ስሙን አታውቂውም።"

"አንቺስ?"

ወረቀቶቼን መደርደር ጀመርኩ። አየችኝ። ከዚያ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች፤ እስከ ማታ አላናገረችኝም።

ከሰዓት በኋላ ደወልኩ። አንድ ጊዜ። የትእዛዝ ስልክ ከአገልግሎት ክልል ውጪ ነው አለኝ። ጉና ላይ ኔትወርክ የሚይዘው አንድ ጉብታ ላይ ሲወጡ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሰው ማታ ማታ እዚያ ይወጣል። ማታ አልደወልኩም። ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ነበር፤ አልተሳፈርኩም። ቅዳሜ ልብስ አጠብኩ። ውሃው እጄን እያደነዘዘው፣ አሁን ሥርዓቱ ተጀምሯል፣ አሁን ቄሱ ጠየቋቸው እያልኩ አጠብኩ። እናቴ ስትሞትም እንዲሁ አድርጌ ነበር። ስዊድን ሆኜ፣ አርባዋ ዕለት፣ ቲኬት ውድ ነው ብዬ ልብስ አጥቤያለሁ። ውድ አልነበረም።

ሰኞ ተሰበሰብን። ከኮሚቴው አንዱ መሪጌታ ንዋይ ናቸው፤ ግእዝ ያስተምራሉ፣ ድሮ በተማሪነታቸው የቄስ ሙላቴን አገር ያውቁታል። ሰብሳቢው ጉዳዩን ካነበበ በኋላ ደብተሩን ከፍቼ አሳየኋቸው። "የጥንቃቄው ምክንያት እነዚህ ናቸው" ብዬ ጭረቶቹን አመለከትኩ። "የተሰጠው ቀኖና ነው።"

መሪጌታ መነጽራቸውን አወለቁ።

"የምን ቀኖና?"

"የንስሐ። ስግደቱ፣ ጾሙ..."

"እፀገነት" አሉኝ፣ እንደ ተማሪ። "ንስሐ የሚጽፍ ቄስ የት አገር አየሽ? የሰማውን እዚያው ይቀብረዋል፤ በብዕር አይነካውም። አንቺ የገሳይ ልጅ አይደለሽም እንዴ?"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"በጸሎት ስሙን ያነሡበት ነው። ሲቀድሱ፣ ሲያጥኑ፣ የሚያነሡት ብዙ ስም አለ፤ ማን እንደቀረ እንዳይረሱ ይሰምራሉ። መምህሬም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ዘመድ የበዛለት ሌላም ያነሣዋል፤ ለእሱ ሦስት ጭረት ይበቃዋል።" ጣታቸውን ዘጠና አራቱ ላይ አሳረፉ። "ይህ ደግሞ ሌላ የሚያነሣለት እንደሌለ ያወቁት ልጅ ነው።"

ሰብሳቢው ሳል አለና "ታዲያ የሚያስዘጋ ነገር የለውም ማለት ነው" አለ። ቃለ ጉባኤው ተፈረመ። ደብተሩ ክፍት ሆነ። ሁሉም ነገር ሃያ ደቂቃ አልፈጀም።

መሪጌታን በመጀመሪያው ሰኞ ስልክ ደውዬ ብጠይቃቸው ኖሮ ይህን ሁሉ ይነግሩኝ ነበር። ቢሮአቸው ከእኛ ክፍል በላይ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነው።

ማክሰኞ ሄድኩ። ገሳይ እናቴ የኖረችበት ቤት ፊት ለፊት ወረድኩ፤ አሁን የሞባይል መለዋወጫ ይሸጥበታል። ሰው ጠይቄ ሽቅብ ሁለት ሰዓት ተኩል ተጓዝኩ። ገብሱ ገና እሸት ነው፤ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ወይዘሮ ብርቱካንን ያገኘኋቸው ከጓሯቸው ድንች ሲቆፍሩ ነው። የዳሱ ምሰሶ ገና አልተነቀለም።

ሲያዩኝ አልተነሡም።

"መጣሽ" አሉ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ። ትናንት ነው የተፈቀደው። ስሙን ይዤ መጥቻለሁ።"

ድንቹን ከአፈሩ እያራገፉ ወደ ቁና ወረወሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

"ሐሙስ ትእዛዝን ጉብታው ላይ አስቀምጬው ዋልኩ" አሉ። "አርብ ግን ልጁ ታመመበትና ወደ ጤና ጣቢያ ወረደ። ቅዳሜ ቄሱ ጠየቀኝ። ሁሉም ዝም ብለው አዩኝ። 'ገብረ ጊዮርጊስ' አልኩ።"

"ከየት አመጡት?"

"ያ በዘጠኝ ቀኑ የሞተው ልጄ ለአርባ ቀን ቢደርስልኝ ለጊዮርጊስ ተስዬ ነበር። በልቤ እንደዚያ ነበር የምጠራው። አፌ ላይ መጣ።" ቀና አሉ። "ማንም ምንም አላለኝም። የባሌ ታላቅ እኅት እንኳ 'እውነት ነው፣ ገብረ ጊዮርጊስ ነው፣ እናቴ ነግራኛለች' አለች። ውሸታም! እንዴት ወደድኳት መሰለሽ።"

ሳቅ አሉ። እኔም ልስቅ ነበር፤ ፊታቸው ግን መልሶ ጨለመ።

"ስለዚህ አሁን ስሙ እሱ ነው። ሰማንያውም፣ ሙት ዓመቱም በእሱ ነው። ልጄ ደግሞ እዚያ ሆኖ የሌላ ልጅ ስም ሲጠራ ይሰማል።"

"ለቄሱ ቀስ ብለው ቢነግሯቸውስ?"

"የባሌ የወንድም ልጅ ነው። ለእሱ ካልኩት ሚስቱ ትሰማለች፤ ሚስቱ ከሰማች ገሳይ ገበያ ይሰማል። 'ልጄ ብላ ባልሆነ ስም አርባ አወጣችለት' ይባላል።" እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። "ደብተሩ አሁን ክፍት ነው?"

"ክፍት ነው።"

"የጠየቀ ሁሉ ያየዋል?"

"አዎ።"

"ዝጊው።"

"እማማ..."

"ስንት ዓመት ነበር ያልሽኝ? ሰባ አምስት? ደግ ነው። ያን ጊዜ የሚያውቀኝ አይኖርም። ዝጊው፣ አንቺ የወረቀት ዘበኛ፤ ያኔ ለምኜሽ እንዳልከፈትሽው፣ አሁን ለምኜሽ ዝጊው።"

እዘጋዋለሁ አልኳቸው። ከዚያ ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ሰጡኝ። ዙሪያችን ማንም አልነበረም፤ ቢሆንም በሹክሹክታ ነገርኳቸው። ከንፈራቸው ድምፅ ሳያወጣ ሁለት ጊዜ ደገመው።

"እሱን ይመስላል" አሉ።

በገጹ ላይ ሌላ ምን እንደተጻፈ ነገርኳቸው፤ የእናቱ ስም የእሳቸው ብቻ መሆኑን፣ ስለሌላው አንድም ቃል አለመኖሩን፣ ቄስ ሙላቴ ዘጠና አራት ጊዜ ስሙን ማንሣታቸውን። ቆፈን የያዘው እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

"እያወቁ ነው እኮ የጻፉት" አሉ። "እያወቁ።" ከዚያም ወደ ዳሱ ምሰሶ እያዩ፣ "ቅዳሜ የፈለግሁት ይህንን ነበር" አሉኝ።

ቁና ሙሉ ድንች በፌስታል አድርገው ካልወሰድሽ ብለው አስያዙኝ። ቁልቁል ስወርድ ፌስታሉ ጣቴን ቆረጠኝ።

በማግስቱ ሣጥን ዐሥራ አራትን እንደገና አሸግኩ። ለኮሚቴው የሰጠሁትን ምክንያት ማንም አላመነበትም፤ መሪጌታ ንዋይ ግን ጥቂት አዩኝና ፈረሙ፣ ሌሎቹም ተከተሏቸው። ይህን ታሪክ ስጽፍም የሰዎቹን መጠሪያ ለውጫለሁ፤ የልጁን የክርስትና ስም ግን በተለወጠም አልጻፍኩትም።

የቀረው ቅጹ ነበር። ከላይ የወይዘሮ ብርቱካን አውራ ጣት አለ፤ ቀለሙ በአንድ ጎን ሸሽቷል። ከታች "መልስ የተሰጠበት ቀን" የሚል ቦታ አለ። የማክሰኞን ቀን ጻፍኩበት። ሠናይት በትከሻዬ ላይ አጎንብሳ አነበበችው።

"ወደ ኋላ አታደርጊውም?" አለች፣ ቀስ ብላ።

"አላደርገውም" አልኩና እንድትሰካው ሰጠኋት።